ገመዱን ያስጣለኝ አንገቴ ነበር

ይህን የምጽፈው እጃቸው እየደነዘዘ "ብርድ ነው፣ ያልፋል" ብለው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ተቀምጬ ነበር። አላለፈም። ሐኪም አይደለሁም፤ ዘነበች እባላለሁ፣ ቶተንሃም እኖራለሁ፣ ዌምብሊ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ እሠራለሁ። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከፈረስ መጀመር አለብኝ። ያደግኩት አርሲ ነው፤ አባቴ ቤት ፈረስ ነበረ። ለንደን ከመጣሁ በኋላ ግን ሥራ፣ ልጅ ማሳደግ፣ ቤት ማግኘት፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ልጄ ሩት ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው ጋሽ ክፍሎምን ያወቅኋቸው። ከእኛ አንድ ፎቅ በታች የሚኖሩ የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የተማሩ፣ እስከ ዛሬም ያኔ እንደተማሩት ጥንቅቅ አድርገው የሚናገሩ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የደረሰ ሽማግሌ። እዚህ ልጃቸው ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ዓመት ካናዳ ውስጥ ከብት እርባታ ላይ ሠርተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦት ጫማ አድርገው፣ ክብ ቦርሳ አንግተው ባስ ሲጠብቁ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ምን እንደያዙ ጠየቅኋቸው። "ገመድ ነው" አሉኝ። "ፈረስ ትወጃለሽ?"

እንዲህ ተጀመረ። ከከተማው ዳር፣ ባሱ ከሚያልቅበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ማርጋሬት የምትባል እንግሊዛዊት ጋጣና አሸዋ የፈሰሰበት ሜዳ አላት። ጋሽ ክፍሎም እዚያ ነው የሚለማመዱት። ወይፈን በገመድ የመያዝ ጨዋታ ነው፤ በሁለት ፈረሰኞች ይሠራል። አንደኛው ሸምቀቆውን ወይፈኑ ቀንድ ላይ ይጥልና ገመዱን ከኮርቻው ፊት ባለው ጉጥ ላይ ጠምጥሞ ወደ ግራ ይጎትተዋል፤ ሁለተኛው ከኋላ እየጋለበ የወይፈኑን የኋላ እግሮች በሌላ ሸምቀቆ ይይዛል። የእኛ ወይፈን እውነተኛ አይደለም። ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ማርጋሬት በባለ አራት ጎማ ሞተር ትጎትተዋለች። ጋሽ ክፍሎም ቀንዱን፣ እኔ እግሩን።

እኔ የምጋልበው ዴዚ የምትባል ዳማ ባዝራ ነበር። ፈሪ ነበረች። ገመድ ጆሮዋ አጠገብ ሲሽከረከር አንገቷን ሰብቃ ትሸሽ ነበር። ጋሽ ክፍሎም መጀመሪያ ገመድ እንድወረውር አልፈቀዱልኝም። "ተከተዪው ብቻ" ይሉኝ ነበር። ወይፈኑን በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ እየተከተልን፣ ቆም እያልን፣ ዴዚን እያስተነፈስን ብዙ ጊዜ አሳለፍን። ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ማሽከርከር፣ ከዚያ መሬት ላይ ትንሽ ግንድ ማስጎተት። ፈረስ የሚያምንሽ አንድ ነገር ደጋግሞ ደርሶበት ክፉ ሳያገኘው ሲቀር ነው። ዓመት ሊሞላ ሲል ዴዚ ገመድ ከጎኗ ሲንሸራተት ጆሮዋን እንኳ አታነሣም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር ጥቂት ነው።

በሽታው የጀመረው በዚያው ሰሞን፣ ብርዱ ሲገባ ነው። በግራ እጄ የምይዘው ጥቅል ገመድ ሳላስበው መውደቅ ጀመረ። ጣቶቼ ጫፍ ላይ ጓንት ያጠለቅሁ ይመስለኛል፤ ጓንቱን ባወልቅም ስሜቱ አይወልቅም። ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሥራ ቦታ ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ። የአሻንጉሊት የሚመስሉ ትንንሽ ቁልፎች ላይ ቆሜ እታገላለሁ፤ ወረፋው ይረዝማል። ስልኬ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ይሳሳትብኛል።

ጂፒ፣ ማለትም የሰፈራችን ሐኪም ጋ አፖይንትመንት አስያዝኩ። ሐኪሙ የእጅ አንጓ ነርቭ ታፍኖ ነው አለኝ፤ በእጃቸው ብዙ የሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚደርስ ነው። ማታ ማታ የማደርገው መደገፊያ ሰጠኝ። አልረዳኝም። ተመልሼ ስሄድ ወደ ሐኪም ቤት ሪፈር አደረገኝ፤ ብዙ ጠብቄ አንጓዬ ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ቁስሉ ዳነ፤ ድንዛዜው ግን እንዳለ ቀረ። ሦስተኛ ስሄድ ዕድሜዬን ጠየቀኝና የወር አበባ መቋረጥ የሚያመጣው ነው አለኝ። ቫይታሚን አዘዘልኝ። አራተኛ ስሄድ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ቤት ውስጥ ሰላም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝና የጭንቀት መድኃኒት ሊሰጠኝ ፈለገ። መጨነቄ እውነት ነው። የተጨነቅሁት ግን እጄ ስለሞተ ነው፤ እጄ የሞተው ስለተጨነቅሁ አይደለም። ይህን በእንግሊዝኛ አስተካክዬ መናገር አቃተኝ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው አሥር ደቂቃ አለቀና ወጣሁ።

ያን መጠበቂያ ክፍል እስካሁን አልረሳውም። ሰማያዊ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ስም የሚያወጣ ስክሪን። ስሜ ሲወጣ ብድግ ለማለት ሁለት እጄን ወንበሩ ላይ መደገፍ ጀምሬ ነበር። በሽታው እግሬም ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ያኔ አልገባኝም።

እግሬ ላይ ሲደርስ ሰውም ማየት ጀመረ። መሬቱ ስፖንጅ ይሆንብኛል። ደረጃ ስወርድ እግሬን ካላየሁት የት እንዳለ አላውቅም። ሥራ ቦታ ሱፐርቫይዘሯ ወደ ጎን ጠርታ "ደህና ነሽ? ሽታ የለሽም፣ ግን ትንገዳገጃለሽ" አለችኝና ወደ ቤት ላከችኝ። ሽታ የለሽም ማለቷ መጠጥ እንደጠረጠረች ነገረኝ።

የባሰው ሃክኒ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት፣ የክርስትና ድግስ ላይ ደረሰ። ወጥ የያዘ ሳህን ይዤ ከኩሽና ስወጣ እግሬ ተጠላለፈና ሳህኑ አመለጠኝ፤ ምንጣፉም የአንዲት እናት ነጠላም ተበላሸ። ሁሉም ተነሥቶ "አይዞሽ" አለኝ። ወዲያው ግን ከኋላዬ አንዲት ሴት ለሌላዋ "ቀኑን ሙሉ ነው እንዴ የምትቀምሰው?" ስትል ሰማሁ። ባሌ ግርማም ሰምቷል። ወደ ቤት እየነዳ ወሰደኝ። መኪናውን ካቆመ በኋላ፣ መሪውን እንደያዘ፣

"ዘኒ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትጠጫለሽ?" አለኝ።

"አልጠጣም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም ግርማ። ማንም አልነገረኝም።"

"በዚህ ዕድሜሽ ከሽማግሌ ጋር ገመድ እየወረወርሽ ሰውነትሽን ጨረስሽው። እሱ ነው።"

ልክ ሊሆን ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ገመዱን ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ፈረስ ላይ ስሆን አልንገዳገድም ነበር፤ የዴዚ እግር የእኔ እግር ይሆንልኝ ነበር። ያንን መተው አልቻልኩም።

የወደቅኩ ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ማርጋሬት ወይፈኑን እየጎተተች ከፊት ሄደች፤ ጋሽ ክፍሎም ቀንዱን አስገብተው ወደ ግራ ዞሩ፤ እኔም ዴዚን አስጠግቼ ወረወርኩ። ሁለቱም እግሮች ገቡ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለኝ። ገመዱን ጉጡ ላይ ስጠመጥም አውራ ጣቴ ከገመዱና ከጉጡ መሀል ገባ። ገመድ ወርዋሪ ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው፤ ጣታቸው የተቆረጠ አሉ። እኔ አልተሰማኝም። ጋሽ ክፍሎም "ልቀቂ፣ ልቀቂ" ሲሉ ሰማሁ። እጄን ተከፈት ብዬ አዘዝኩት፤ አልታዘዝ አለኝ። ዴዚ ወደ ጎን ተጎተተች፤ የላላው ገመድ ከጭራዋ ሥር ገባ፤ እንደ እብድ ዘለለች። ቀጥሎ የማስታውሰው አፌ ውስጥ ያለውን አሸዋ ነው።

ጋሽ ክፍሎም ከፈረሳቸው ወርደው አጠገቤ ተንበረከኩ። "ጓለይ" ነው የሚሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

"ጓለይ፣ እጅሽን አሳዪኝ።"

ጓንቱ ተቀዷል፤ የአውራ ጣቴ ሥጋ እስከ አጥንቱ ተገሽልጧል።

"በጣም ያምሻል?"

"አያመኝም ጋሼ።"

"ከድንጋጤ ይሆናል። ሲቆይ ነው የሚያመው።"

"አልደነገጥኩም። እየነኩኝ እንደሆነ ራሱ ካላየሁ አላውቅም።"

ፊታቸው ተለወጠ። እጄን ቀስ ብለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ማርጋሬትን መኪና እንድታመጣ በእጃቸው ጠሯት። ሜዳው ማዶ ዴዚ ገመዱን እየጎተተች፣ ገመዱ በተከተላት ቁጥር እየደነበረች አጥሩን ትዞር ነበር። ሊይዛት የቀረበ አልነበረም። ያቺን ፈረስ ያን ሁሉ ጊዜ ያስተማርኳትን በአንድ አፍታ እንዳፈረስኩባት እያየሁ ነበር።

ኢመርጀንሲ ውስጥ ብዙ ሰዓት ተቀምጠን ጣቴ ተሰፋ። አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። እግሬም እንደሚንገዳገድ ስናገር ሐኪሙ ደክሞት ስለነበር "እሱን ለጂፒሽ ንገሪ" አለኝ። ግርማ ሊወስደኝ መጥቶ ፋሻውን አየና "እንግዲህ ይበቃል" ብቻ አለ።

ጂፒው ጋ ስሄድ የድሮው ሐኪም ዕረፍት ላይ ነበር። በእሱ ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀምጣ ነበር። ስለ ጣቴ ጠየቀችኝና ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ። ሶፍት አቀበለችኝ። ከዚያ "ጫማሽን አውልቂና ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገናኘሽ በቀጥታ ሂጂልኝ" አለችኝ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ስትነካው እግሬ ከሚገባው በላይ ተወረወረ። የመሀል ጣቴን ጥፍር በጥፍሯ ቀንጠብ ስታደርገው አውራ ጣቴ በራሱ ተሸማቀቀ።

"አሁን አገጭሽን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርጊ።"

ዝቅ ሳደርግ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ኤሌክትሪክ ወረደ።

"ይህ ብዙ ጊዜ ይሰማሻል?"

"ጫማዬን ሳስር ሁልጊዜ።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም። የእጄ ነገር ነው ስላሉኝ የእጄን ብቻ ነው የነገርኳቸው።"

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። "ችግሩ እጅሽ ላይ ያለ አይመስለኝም። አንገትሽ ላይ ነው። ዛሬውኑ ኤም አር አይ በአስቸኳይ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ፈረስ ላይ አትውጪ፤ አንገትሽን የሚያንገጫግጭ ነገር ሁሉ ተዪ።"

እንዲህ ነው ነገሩ፤ በአንገቴ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ወጥቶ ህብለ ሰረሰሬን ተጭኖት ነበር። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ወደ እጅና እግር ትእዛዝ የሚያወርድ፣ ስሜት የሚመልስ ዋናው የነርቭ መስመር ነው። እሱ ሲታፈን መጀመሪያ እጅ ይሰንፋል፣ ቀጥሎ እግር፣ ሲቆይ ሽንት። ኤም አር አይው ከተነሣ በኋላ የተላክሁበት ቀዶ ሐኪም ፎቶውን አሳየኝ። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ጠቆር ብሎ የተቆነጠጠ ነገር ይታያል።

"በቅርብ ጊዜ ወድቀሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ከፈረስ ነው ወይስ እንዲያው?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ከፈረስ?" አለ።

ነገርኩት። ያን ቀን ከአንገት በታች ሽባ ሆኜ ልቀር እችል እንደነበር በለሆሳስ ነገረኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ተናገረ። "ቀዶ ሕክምናው ያጣሽውን ለመመለስ አይደለም። ያለሽ እንዳይሄድ ነው። የሚመለስ ካለ ትርፍ ነው፤ ቃል ግን አልገባልሽም።"

ቀን ተቆረጠልኝ። ጾሜን አድሬ ከግርማ ጋር ሄድን፤ አልጋ የለም ተብለን ተመለስን። እንደገና ተቆረጠ፤ እንደገና ተሰረዘ። በእነዚያ ሳምንታት ነው የባሰብኝ። ማንኪያ መያዝ ተሳነኝ። ሩት ትምህርቷን አቋርጣ መጣችና ጡት መያዣዬን ታስርልኝ፣ ፀጉሬን ታበጥርልኝ ጀመር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ እያለሁ ሽንቴ አመለጠኝ። እዚያው ተቀመጥኩ። ሩት ከላይ ወርዳ አየችኝና "ማሚ፣ ኢትስ ኦኬይ፣ ሻወር እንውሰድ" አለችኝ። ያችን ልጅ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በዚህ መሀል ግርማ ከሥራ ገባ። ሩትን "አንቺ ተዪው" አላት። አቅፎኝ ወጣ፤ አጠበኝ፤ ልብሴን ቀየረልኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ጠጥተሻል ብዬሽ ነበር" አለ።

"ተወው።"

"አልተወውም። ሰው ሲያማሽ ሰምቼ አብሬ ጠረጠርኩሽ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ፈረሱ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ጠበልም ሄጃለሁ፤ አላፍርበትም። የቤተ ክርስቲያናችን ካህን ተጠምቄ ስወጣ ነጠላዬን አስተካክለውልኝ "ጠበሉንም ተጠመቂ፣ የቀዶውንም ጊዜ አታሳልፊ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው" አሉኝ። አንዳንድ ሰው ቢላዋ እንዳታስነኪ እያለ ሲያስፈራራኝ ስለነበር፣ ይህ ቃላቸው ትልቅ ዕረፍት ሆነኝ።

በሦስተኛው ቀጠሮ አልጋ ተገኘና ከቀዶው አንድ ቀን በፊት አስተኙኝ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ክፍሎም ሊጠይቁኝ መጡ። ከኮታቸው ኪስ ክንድ የምታህል አሮጌ የልምምድ ገመድ አወጡ። "ጣቶችሽ እንዳይረሱት፣ እየዳበስሽ ተኚ" አሉኝና ትራሴ አጠገብ አስቀመጡልኝ። ስለ ዴዚ ጠየቅኋቸው። ሊዋሹኝ አልፈለጉም። ገመድ ስታይ ትንቀጠቀጣለች፤ ማርጋሬትም ልትሸጣት እያሰበች ነው አሉኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለሁለታችንም፣ ለእኔም ለፈረሷም አለቀስኩ።

ነርሷ ሙቀቴን ልትለካ መጣች። ገመዱን ስታይ ደረቀች። ምንም ሳትለኝ አንሥታ ወሰደችው፤ ተመልሳ መጋረጃውን ዘጋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋናዊት ነበረች፤ ትልልቅ ዓይኖች ያሏት።

"ዘነበች፣ በቀጥታ ነው የምጠይቅሽ። ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?"

ልስቅ ነበር። ስለ ፈረስና ስለ ወይፈን ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ገመዱ ለእሱ አይደለም" አልኳት። "ግን ነገ ከማደንዘዣው ባልነቃ ደስ ይለኛል።"

ይህን ለግርማ አልነገርኩትም፤ ለካህኑም አልነገርኩም። ለራሴም ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ነርሷ እጄን ያዘችኝ፤ መያዟን በዓይኔ ነው ያወቅሁት። አልመከረችኝም። ሌላ ሐኪም ጠራችና አነጋገረኝ፤ ፈረቃዋ እስኪያልቅም እየመጣች አየችኝ። ልትሄድ ስትል ገመዱ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። "ሲሻልሽ እኔው ራሴ እመልስልሻለሁ" አለችኝ። ይህን የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለው፣ ለአንድ ሰው ይናገር። እኔን ያተረፈኝ ቀዶው ብቻ አይደለም።

በአንገቴ ፊት በኩል ገብተው ዲስኩን አወጡና በቦታው ብረት አስቀመጡ። ስነቃ አንድ ሰው "የእግር ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ" ይለኛል። ተንቀሳቀሱ። ድምፄ ሻክሮ ነበር፤ ምራቅ መዋጥ እሾህ እንደመዋጥ ነበር። እጄ እንደነበረ ነበር።

እዚህ ላይ ሰው ተስፋ እንዲቆርጥ አልፈልግም፤ እንዲታለልም አልፈልግም። ቤት ከገባሁ በኋላ ለብዙ ሳምንት ምንም አልተለወጠም። አንገቴ ላይ ድጋፍ አድርጌ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ የልብስ መቆንጠጫ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላው እያዛወርኩ እውል ነበር፤ የሚወድቀው ከሚደርሰው ይበዛ ነበር። ተቆርጬ፣ ተሰፍቼ፣ ይኸው ነው እንዴ የቀረልኝ አልኩ። አንድ ጠዋት ሻይ ስይዝ ኩባያው አቃጠለኝ። ጣቴ ተቃጥሎ ያን ያህል የተደሰተ ሰው አላውቅም። ሩትን ጠርቼ ንኪው አልኳት። እሷም ነክታው "ማሚ፣ ሪሊ?" አለችና ተቃቅፈን አለቀስን።

ድጋፉ ሲወልቅ ጋጣው ጋ የወሰደኝ ግርማ ነው፤ ራሱ አምጥቶ ራሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ማርጋሬት ዴዚን ገና አልሸጠቻትም ነበር። ጋሽ ክፍሎም ለምነው አስቆይተዋት ነበር። ሐኪሜ ግልቢያን ከልክሎኛል፤ እንደገና መውደቅ የለብኝም። ስለዚህ ከመሬት ጀመርኩ። ገመዱን ከእግሬ ሥር ዘርግቼ ከእሷ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ትንቀጠቀጣለች። እጠብቃለሁ። መተንፈስ ስትጀምር ገመዱን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ትንሽ እቀርባለሁ። መጠቅለሉ ራሱ ለእኔ ብዙ ጊዜ ይወስድብኝ ነበር፤ ይወድቅብኛል፣ አነሣዋለሁ፣ እሷም ታየኛለች። ከብዙ ሳምንት በኋላ ገመዱ ከአንገቷ ላይ ተንሸራትቶ መሬት ሲወድቅ ሳር መጋጧን አላቆመችም። ከዚያ ከጎኗ፣ ከጭኗ፣ በመጨረሻም ከኋላ እግሮቿ አጠገብ። ጋሽ ክፍሎም በፈረሳቸው ሆነው ግንዱን ያስጎትታሉ፤ እኔ በልጓም ይዣት ከኋላ እንከተላለን።

አሁን እጄ ግማሽ ያህሉ ተመልሷል። ትልልቅ ቁልፎች እቆልፋለሁ፤ ትንንሾቹን ሩት ወይ ግርማ። መሮጥ አልችልም፤ ጨለማ ውስጥ ግድግዳ እይዛለሁ። ሥራ ተመልሻለሁ፣ አጭር ሺፍት፣ ተቀምጬ። ቀዶ ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ ያለሽ ይቆያል ብዬ አምናለሁ አለኝ። ስድስት ወር ቀደም ብዬ ደርሼ ቢሆን የበለጠ ይተርፍ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው። እጃችሁ ሲደነዝዝ እጃችሁን ብቻ አትንገሯቸው። እግሬ ይከዳኛል በሉ፤ ሳጎነብስ ይነዝረኛል በሉ፤ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካቃታችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዴዚ ላይ ኤማ የምትባል ልጅ ተቀመጠች። ጋሽ ክፍሎም ቀንዱን አስገብተው ዞሩ፤ ኤማ ወረወረች፤ ሁለቱም እግሮች ገቡ። ገመዱ ሲወጠር ዴዚ ወደ ኋላዋ አረፍ ብላ ያዘችው። አልደነበረችም። ሁሉም ለኤማ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከዚያ ጋጣው ጀርባ ሄጄ ለብቻዬ አለቀስኩ። ቦታው የእኔ ነበር፤ ተመልሼ አላገኘውም።

ፊቴን አብሼ ስመለስ ኤማ ወርዳ ዴዚ ታስራ ነበር። ኮርቻውን ልፍታ አልኩ። የሆድ ማሰሪያው ዘለበት ጠባብ ነው፤ ቆዳው በላብ አብጧል። ጣቶቼ ሳቱት፤ እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ሳቱት። ጋሽ ክፍሎም ሊረዱኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ዴዚ አንድ እግሯን አሳርፋ ጠበቀች። ዘለበቱ ከቆዳው ቀዳዳ ሲወጣ በጣቴ ተሰማኝ።